ዳገቱ ሥር አምስት ደቂቃ

የከተማው አውቶቡስ ሾፌሮች እኔ የሠራሁትን መሣሪያ «አማት» ብለው ሰየሙት። ከመሪው አጠገብ ተለጥፎ አውቶቡሱ የት እንደደረሰ ለስምሪት ክፍላችን ይነግራል፤ ያለ ቦታው ከቆመ ደግሞ ይጮኻል። ስሙን አልጠላሁትም።

ያስቸገረኝ ሰባት ቁጥር መስመር ነበር። ከዳገቱ ማዶ ባለው የገበያ ፌርማታ የሰቀልኩት የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ «በ4 ደቂቃ ይደርሳል» ይላል፤ አውቶቡሱ በዘጠኝ ደቂቃ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ነገሩኝ፦ «ሰኞ ጠዋት ራሴ ቆሜ አያለሁ። ሰሌዳሽ ከዋሸ መሣሪያዎቹ ተነቅለው ወደ ካርቶናቸው ይመለሳሉ።»

ሁለት ዓመት የለፋሁበት ሥራ ነው።

በስክሪኑ ላይ ጥፋቱ ግልጽ ነበር። የሰባት ቁጥር ሾፌሮች አንድም ሳይቀሩ ዳገቱ ሥር ይቆማሉ። ፌርማታ የለ፣ ተሳፋሪ የለ። ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ማስጠንቀቂያ ላክሁ፤ አማት ጮኸች፤ እነሱ ቆሙ። ከሁሉም የባሰው አባቴ ነው፤ ያንን መስመር ሃያ ስድስት ዓመት ነድቷል።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ያዝኩት።

«አባዬ፣ ዳገቱ ሥር ምን ትሠራለህ?»

«እቆማለሁ።»

«መቆምህንማ አየሁ። ለምን?»

«አማትሽ አልነገረችሽም?»

«ቀልዱን ተወው። ሰኞ ሊነቅሉብኝ ነው።»

ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ተነሺ» አለኝ።

በእግራችን ወጣን። ዳገቱ ወገብ ላይ መንገዱ በግንብ አጥርና በገደል መሃል ይታጠፋል። የእኔ ካርታ ሁለት መኪና ያሳልፋል ይላል። አባቴ በእርምጃ ለካልኝ፤ ሁለት አውቶቡስ አያሳልፍም።

«ወጪው አውቶቡስ ዳገቱ ሥር ይጠብቃል። ወራጁ መታጠፊያውን ሲጨርስ መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ያደርግለታል፤ ያኔ ይወጣል።»

«የት ነው የተጻፈው?»

«ማን ይጽፈዋል? ሾፌር ለሾፌር ያስተምራል። እኔ እዚህ መስመር ላይ ከገባሁ አንድ ስፖኪዮ አልተሰበረም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽ? ጮኽሽብን እንጂ።»

እውነቱን ነው። ግን ለጸጸት ጊዜ አልነበረኝም። ሾፌሮቹ በመታጠፊያው ምክንያት እርስ በርስ አይተያዩም፤ እኔ ግን ሁለቱንም አያለሁ። ሁለት አውቶቡሶች ጠባቡ ላይ እንዳይገጣጠሙ የሁለቱንም መነሻ ሰዓት አስተካክሎ በአማት በኩል ለሾፌሮቹ የሚነግር ፕሮግራም እሑድን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ያርመኛል። «ዝናብ ካለ ለወራጁ ሁለት ደቂቃ ጨምሪ። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ደግሞ ሦስት።» እንዲህ ያለ መረጃ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አላገኘሁም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን እያዩ ከሰሌዳው ሥር ቆሙ። «በ4 ደቂቃ ይደርሳል» ይላል። እኔ ታብሌቴ ላይ የአባቴን አውቶቡስ የምታሳየውን ነጥብ እከተላለሁ። ዳገቱ ሥር ደረሰች።

ነጥቧ አልቆመችም። መታጠፊያውን አለፈች።

አውቶቡሱ ከች ሲል ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን ሁለቴ አዩ። «አራት» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሌሎቹን መስመሮች መቼ ትጀምሪያለሽ?»

«ዛሬ።»

አባቴ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «ኢንጂነር! አማት ዛሬ ምነው ዝም አለች?»

«የዳገቱን አመል የሚያውቅ መካሪ አግኝታ ነዋ!»

ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረ። «አያችኋት? ሰዓቱን የምታዘው ልጄ ናት። የእኔ ልጅ!»

«አባዬ፣ ሃያ ሰከንድ አባከንክ። ንዳው!»

አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ሰሌዳው ሦስት ደቂቃ ይል ነበር።