መንጃ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ደም

ሙሄዲን ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ የራሱን መንጃ ፈቃድ አጠገባቸው አስቀመጠ።

"አንብቢ!" አላት።

ፈትሂያ ለጠዋት ፈረቃ ወደ ፈትል ፋብሪካው ልትወጣ ሻርፗን እየጠመጠመች ነበር። ባሏ ከጭነት ጉዞ ተመልሶ ኮምቦልቻ ከገባ ጀምሮ አላናገራትም። ድካም መስሏት ነበር።

"ምኑን ነው የማነበው?"

"የደሙን ዓይነት! ያንቺን፣ የልጅቷን፣ የእኔን።"

አንደኛው ካርድ እሷ ቢልቂስን አርግዛ ክትትል ስታደርግ የተሰጣት ነው፤ ከኒካህ ወረቀታቸው ጋር ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሁለተኛው የቢልቂስ ነው። ልጅቷ ደሴ ክፍል ተከራይታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ደም ለግሳ ያገኘችውን ካርድ ለአባቷ በኩራት ሰጥታው ነበር። የፈትሂያ ካርድ ኦ ይላል፤ የቢልቂስ ኤ፤ የሙሄዲን መንጃ ፈቃድ ደግሞ ኦ።

"ትናንት ደጋን ከተማ ከሾፌሮች ጋር ምሳ ስንበላ ልጄ ደም ሰጠች ብዬ ካርዱን አሳየሁ። አብሮን የተቀመጠ አንድ ነርስ መንጃ ፈቃዴን አይቶ ምን አለኝ መሰለሽ? 'አንተ ኦ ከሆንክ እናትየዋ ኤ ያለባት ናት፤ ሁለት ኦዎች ኤ አይወልዱም' አለኝ። ቤት ገብቼ ሳጥኑን ስከፍት ያንቺ ኦ! ሾፌር ሁሉ እየሰማ ነው እኮ የተናገረው!"

ፈትሂያ ነገሩ ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ግን ሻርፗን መጠምጠም ተወች።

"ወላሂ፣ ሙሄዲን፣ ካንተ ሌላ ወንድ..."

"ወላሂ አትበይ! በአላህ ስም አትነግጂ!"

መደቡ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን የሚያንከባልሉት እናቱ ወይዘሮ ጣይባ ቀና አሉ። "እኔ ድሮም ብያለሁ" አሉ። "ልጅቷ በምኗም እኛን አትመስል። ሰሚ አጣሁ እንጂ።"

"እማ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ያሳደጓት?" አለች ፈትሂያ።

"ሳላውቅ ነዋ! የሰው ዘር ስታሳዝይኝ ኖርሽ።"

ፈትሂያ ከሙሄዲን ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ይህ ሰው በሌለባቸው ሳምንታት እናቱን አስታማለች፤ የጎረቤት ወንድ እንኳ በር ላይ ቆሞ ሲያናግራት በሩን ገርበብ አድርጋ ነው የምትመልስለት። ምን ብላ ታስረዳለች?

"ሦስታችንም እንመርመር" አለች። "ዛሬውኑ።"

"እንመርመር! የምታፍሪው አንቺ ነሽ።"

ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ እሱ ፊት ተቀመጠ፤ እሷ የመጨረሻው ወንበር ላይ። ዳገቱን እስኪጨርሱ አንዴም ዞሮ አላያትም። ቢልቂስ ከክፍል ተጠርታ ፒያሳ ካለ አንድ የግል ላቦራቶሪ በር ላይ ትጠብቃቸው ነበር። ሮጣ የአባቷን እጅ ልትስም ስትል እጁን ሰበሰበ።

"አባ! ምን አደረግኩ?"

"እናትሽን ጠይቂያት።"

እናቷ በሁለት ቃል ነገረቻት። የልጅቷ ፊት ነደደ፣ ከዚያ ደግሞ አመድ መሰለ።

"ተምሬዋለሁ፣ አባ። ሁለት ኦ ኤ አይወልድም።"

"ይኸው! ራሷ መሰከረች!"

"ወረቀት ላይ የተጻፈ ሁሉ ግን ደም አይደለም" አለችው።

መርማሪዋ እቴነሽ የምትባል፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጎልማሳ ሴት ናት። ፈትሂያን አስቀምጣ ጣቷን ወጋቻት። ደም አልመጣም። ጨመቀችው፤ እምቢ አለ። ጣቷ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

"አየሽ?" አለ ሙሄዲን ከኋላ ቆሞ። "ደሟ ራሱ ሸሸ! ጥፋቷን አውቃ ነው።"

እቴነሽ ዘወር ብላ አየችው። "ወንድሜ፣ ሰው ሲፈራ የእጅና የእግሩ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ደሙም ወደ ልብና ወደ ትልልቅ ጡንቻዎች ያደላል። ሌባም ይሁን መልአክ፣ የሁሉም ሰው ገላ እንዲሁ ነው። ማስፈራራቱን ቢተዉላት ደሟ ይመጣል።" ከዚያ የፈትሂያን እጅ በሁለት መዳፏ ይዛ እስኪሞቅ አሸችው። "ልብሽ እየጋለበ ነው፣ እህቴ። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።"

ደሙ መጣ። ቀጥሎ ቢልቂስ ተወጋች። የሙሄዲን ተራ ሲደርስ እጁን ኪሱ ከተተ።

"የእኔ የታወቀ ነው። መንጃ ፈቃዴ ላይ አለ።"

"መንጃ ፈቃዱን ሲያወጡ የት ተመረመሩ?" አለች እቴነሽ።

"የት..." አለ ሙሄዲን። "ፎርሙን የሞላልኝ ሰውዬ ነው የጻፈው። ደምህ ምንድን ነው ሲለኝ አላውቅም አልኩት። ከፊቴ ለነበረው የጻፈውን ጻፈልኝ።"

ሙሄዲን እጁን ከኪሱ አወጣ።

እቴነሽ ትንሽ ነጭ የመመርመሪያ ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዳቸውን ደም ሁለት ሁለት ጠብታ አደረገች፤ በአንደኛው ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ፣ በሌላኛው ላይ ቢጫ ጨመረች። "ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ምልክት አለ" አለች እያማሰለች። "የኤ ምልክት ያለበት ደም ሰማያዊው ውስጥ ይጓጉላል፤ የቢ ቢጫው ውስጥ። ኦ ሁለቱም የሉበትም፤ እንደ ፈሰሰ ይቀራል።"

የፈትሂያ ደም በሁለቱም ውስጥ ልስልስ እንዳለ ቀረ። የቢልቂስ ሰማያዊው ውስጥ ፍርፍር ብሎ ጓጎለ። የሙሄዲን ጠብታም ሰማያዊው ውስጥ መሰባሰብ ጀመረ። ሰሌዳውን ባነቃነቀችው ቁጥር ይበልጥ እየተቋጠረ ሄደ።

"እርስዎ ኤ ነዎት" አለችው። "ልጅቷም የኤ ምልክቷን ከእርስዎ መውሰዷ ያለ ነው። በመካከላችሁ የሚጋጭ ነገር የለም።"

"አልሀምዱሊላህ!" ሙሄዲን ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ ሳቀ። ወዲያው ስልኩን አወጣ። "እማ! መንጃ ፈቃዴ ነው የተሳሳተው! የእኛው ናት!" ከስልኩ የወይዘሮ ጣይባ እልልታ ተሰማ።

ፈትሂያ ስልኩን እስኪዘጋ ጠበቀችው።

"ስለ እኔስ?"

"ስለ አንቺ ምን?"

"ጠዋት ያልከኝን። እናትህ ያሉኝን።"

"አቦ ተይው! ሸይጧን ነው በመሃላችን የገባው። ማንም ወንድ በእኔ ቦታ ቢሆን ይቆጣል። በይ ተነሺ፣ ምሳ በልተን እንውረድ።" ለቢልቂስም ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋላት። ቢልቂስ እጇን ከጀርባዋ አደረገች። "እንዳሻሽ" አለና ባጃጅ ሊያስቆም ወጣ።

ፈትሂያ የተወጋችበትን ጣት በጥጥ ይዛ ተቀመጠች። ስሟ ነጽቷል፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ ግን አላላትም። ሙሄዲን ኤ ባይሆንስ ኖሮ? እቴነሽም ሰሌዳውም አንድ ሐቅ ተናገሩላት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯት የተኛው ሰው ግን አንድ ቃል አልተናገረላትም። ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ጡሩንባ ነፋ።

"ፈትሂያ! ነይ እንጂ!"

ወጣች። ባጃጁ ውስጥ ግን አልገባችም።

"አንተ ወደ ኮምቦልቻ ውረድ" አለችው። "እኔ ቢልቂስ ጋ ነኝ።"

"እስከ ነገ?"

ስልኳን አውጥታ ለፈረቃ ኃላፊዋ ለጋሹ ደወለች። ዛሬ መቅረቷን ይቅርታ ጠየቀችና የዓመት ፈቃድ እንዲሞላላት ነገረችው።

"ስንት ቀን ልበል?" አላት ጋሹ።

ፈትሂያ የባሏን ዓይን እያየች፣ እሱም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ያለኝን በሙሉ" አለች።