የእንድሪስ ቢላዋ

በጉ ቢላዋውን ማየት የለበትም። ሙነወር ይህን ያወቀው ትንሽ ልጅ ሳለ፣ ከአባቱ ጀርባ ተሸሽጎ እያየ ነው። ስለዚህ ዛሬም ከጓሮ ሞርዶ፣ በጀለቢያው እጥፋት ደብቆ ወደ ደጅ ወጣ።

የአረፋ ጠዋት ነበር። የሰኔ ጉም ከቁይ መንደር ጣራዎች ላይ ገና አልተነሣም። ከሶላት የተመለሱት ወንዶች በየደጃቸው በጋቸውን ከበው ቆመዋል። በአባቱ በእንድሪስ ቤት ግን መቆም የሚችል ወንድ ሙነወር ብቻ ነው፤ በጥር የመጣው በሽታ የአባቱን ቀኝ እጅና እግር ይዞበት ቀርቷል። እናቱ ከጎረቤት ሰው እንጥራ ብትል አባቱ እንቢ አለ።

«ረመዳንን ሙሉ የጾመ ሰው ቤት ውስጥ እያለ?» ከዚያም ወደ ልጁ ዞረ። «ቢስሚላህ ብለህ የአላህን ስም ሳትጠራ እንዳታርድ ብቻ። አውቀህ ከተውኸው በክት ነው፤ ለድሃም አይሰጥ።»

አያ ገዳሙ በጉን ቀድመው አጋድመውታል። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ ክርስቲያን ገበሬ ናቸው። ሃያ ዓመት በየአረፋው የእንድሪስን በግ እግር ይዘዋል፤ ከሥጋው ግን አንድ ጉርሻ አልቀመሱም። እንድሪስም በፋሲካ የእሳቸውን ይይዛል፤ እሱም ቀምሶ አያውቅም። ሙነወር አንድ ቀን ጠይቋቸው ነበር።

«አያ ገዳሙ፣ የእኛ በግና የእናንተ በግ አንድ መስክ ነው የሚውሉ። የሚለያዩት የት ላይ ነው?»

«አንገታቸው ላይ» ነበር መልሳቸው።

ያ መልስ እስከ ዛሬ ከውስጡ አልወጣም። አሁን የበጉ አንገት ከእጁ ሥር ነው፤ ይሞቃል፤ በሱፉ ውስጥ አንድ ነገር ቶሎ ቶሎ ይመታል። የቱ ጋ ይሆን የሚለያዩት? ከቃሉ በፊት ይህ በግ የማን ነው? ከቃሉ በኋላስ?

«ፊቱን ወደ ሰሜን መልሰው» አሉ አያ ገዳሙ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አባትህ ጉልበቱን እዚህ ነበር የሚያሳርፍ።»

ሙነወር ጉልበቱን አሳረፈ። ቢላዋውን አወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነበር፤ እጁ ሄደ፣ ደሙ በእርጥቡ ሣር ላይ ፈሰሰ፣ እናቱ ከበሩ እልል አለች።

በጉ ጸጥ ሲል ሙነወር ወደ ኋላ አሰበ። ቃሉን ማሰቡን ያስታውሳል። ከአፉ መውጣቱን ግን አያስታውስም።

«አያ ገዳሙ» አለ፣ እናቱ እንዳትሰማ ጎንበስ ብሎ። «ስሙን ስጠራ ሰምተውኛል?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ በጉ ሲፈራገጥ ጆሮዬ እጄ ላይ ነበር።»

«አልሰሙም ማለት ነው?»

«ሰማሁ ብልህ ደስ ባለኝ። ግን የማላውቀውን እንዴት ልመስክርልህ?» እግሩን ቀስ ብለው ለቀቁ። «ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ቦታ ላይ አፌን ዘግቼ ነው የቆምሁ፤ የእኔ ጸሎት የእናንተን እንዳይነካ ብዬ። ዛሬ በውሸት ላበላሸው?»

ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ሙነወር ይህን አሰበና ፊቱ ጋለ። ቢላዋውን ሣር ላይ አስቀምጦ ወደ ቤት ገባ።

አባቱ መደቡ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል።

«አባ፣ ማለቴን አላውቅም።»

እንድሪስ በግራ እጁ ተመርኩዞ ቀና አለ። «ልትተወው አስበህ ነበር?»

«ኧረ በአላህ! ከፈጅር ሶላት ጀምሮ ቃሉን ስለው ነው የቆየሁ።»

«ገዳሙን ጠየቅኸው?»

«ጆሮዬ እጄ ላይ ነበር አሉኝ።»

አባቱ ሳቀ። ከጥር ወዲህ ሲስቅ ሙነወር ገና መስማቱ ነው፤ ሳቁ በግማሽ አፍ የወጣ፣ ግን የድሮው ሳቅ ነበር። «ዋሽቶ አያውቅም፤ ይኼ ገበሬ» አለ። «የረሳውን አላህ አይዘውም። ጉበቱን አስመጣ።»

ጉበቱ ተጠብሶ እስኪቀርብ ሙነወር አልተቀመጠም። ሳህኑ ሲመጣ እናቱ እንደ ልማዷ ወደ እንድሪስ አስጠጋችው። እሱ ግን በግራ እጁ ወደ ልጁ ገፋው፤ አይኑንም ከልጁ አፍ ላይ ተከለ።

በተከፈተው በር አያ ገዳሙ ይታያሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው እጃቸውን ይታጠባሉ። ውሃው ከጆጉ ይንቆረቆራል።

ሙነወር ቃሉን ሊል ትንፋሹን ሳበ።

ደጅ የሚንቆረቆረው ውሃ ቆመ።