እስማማለሁ የሚለው ገጽ

ባለፈው ዓመት የመቃብር ማጽጃው በዓል፣ ለሙታኖቻችን ምግብ የምናቀርብበትና ወረቀት የምናቃጥልበት ቀን፣ ቅዳሜ ዋለ። እኔ ግን ባሌ ወደተቀበረበት ኮረብታ አርብ እንውጣ አልኩ። ቅዳሜ ኮረብታው በሰው ይጨናነቃል፤ ወረቀት ሲቃጠል ሣሩ እሳት ይይዛል፤ አውቶቡሱም ሞልቶ ሊገለበጥ ይችላል። እኔ ክፉው ሁሉ ቀድሞ ነው የሚታየኝ። ልጄ ቹንፌይ ለእኔ ብላ ሐሙስ ከታይፔ መጣች።

ቹንፌይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የምትሠራው። ያን አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላፕቶፗ ቃለ መጠይቅ ነበራት፤ የመጨረሻው ዙር። ታይናን ከተማ ያለ የአንድ ኩባንያ ሦስት ሰዎች የሠራችውን እያዩ ይጠይቋታል። ካለፈች ከእኔ በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ ወደማይፈጅ ቦታ ትመጣለች። እኔ እዚህ ጂያዪ ከተማ ብቻዬን ነው የምኖረው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የእሷን መመለስ ያህል የተመኘሁት ነገር አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ላይ ቤት እንደርሳለን ብላ ነበር። ላፕቶፗን በስልኳ ኢንተርኔት አያይዛ ከቤት ሆና ትገናኛለች።

መቃብሩን አረምን፤ ዘመድ እንደጎበኘው ምልክት የሚሆነውን ቢጫ ወረቀት ላዩ ላይ በድንጋይ ጫንን፤ ዶሮውንና በስስ ቂጣ የተጠቀለለውን አትክልት ደረደርን። ከዚያ ሁለቱን ሳንቲሞች ወረወርኩ። አንዱ በፊቱ አንዱ በጀርባው ካረፈ ባሌ ጠግቧል፤ ምግቡ ይነሳል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ገና እየበላ ነው፤ መጠበቅ ነው። አንድ ዓይነት ሆኑ። ሩብ ሰዓት ጠብቄ ደግሜ ወረወርኩ፤ አሁንም አንድ ዓይነት። አምስት ጊዜ እንዲያ ሆነ።

«እማ፣ አባዬ በሕይወት እያለ በአሥር ደቂቃ ነበር በልቶ የሚነሳው» አለች ቹንፌይ።

ዝም በይ አልኳት። ሳይጠግብ ሳህን ብናነሳበት ቀኑ ይጠምብናል፤ ደግሞም በዛሬ ቀን ብዬ። በስድስተኛው ጠገበ። ኮረብታውን ስንወርድ ግን አውቶቡሱ ሄዷል፤ ሰዓቱም ስምንት ተኩል አልፏል።

ከኮረብታው ሥር ጎብኚዎች የሚያርፉበት አዳራሽ አለ። የስልኳ ሲግናል እዚያ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል፤ ግድግዳው ላይ ግን ለሁሉም ክፍት የሆነ ዋይፋይ እንዳለ ተለጥፏል። ቹንፌይ ጥግ ይዛ ላፕቶፗን ከፈተች። ተገናኝቷል ይላል፤ ግን ምንም አይከፍትም። መጀመሪያ ሊመጣ የሚገባው፣ እስማማለሁ የሚለውን ተጫኑ የሚለው ገጽ አልመጣም።

ዋይፋዩን አጥፍታ አበራች። መስመሩን ከላፕቶፑ ሰርዛ እንደገና ገባች። ለሥራ ብላ በእጇ የሞላቻቸውን የመስመር አድራሻ ቁጥሮች አጠፋች፤ ላፕቶፑ መስመሩ የሚሰጠውን ብቻ እንዲቀበል አደረገች። ዘግታ ከፈተችው። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ነጭ ሣጥን ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ሄዳ ቆመች። ምንም የለም። በአዳራሹ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉት ሽማግሌ ሊያኦ ቢጫ ሰደርያቸውን እንደለበሱ መጥተው ስልካቸውን አሳዩን፤ የእሳቸው ገብቷል።

«የኔ አሮጌ ስልክ ገባ። ኢንጂነሯ ግን ደጅ ቀረች» አሉ።

«አጎቴ፣ የርስዎ ስልክ ማንንም አይፈራም» አለች ቹንፌይ። ከዚያ እጇ ቀጥ አለ። «ቁልፉ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የጎረቤታችን የሜይጁ የባንክ ሒሳብ ባዶ ሆኖ ሲገኝ፣ ቡና ቤት ውስጥ በሕዝብ ዋይፋይ ስለገባች ነው ተባለ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። በየማታው ለቹንፌይ እየደወልኩ አለቀስኩባት። እሷም ላፕቶፗ ሌባ ሊያነበው በማይችል ድብቅ መስመር ካልሆነ ከማንም ጋር እንዳይነጋገር አድርጋ ቆለፈችው። ይህን ቁልፍ መቼም አልከፍትም ብላ ቃል ገባችልኝ፤ ያን ቀን ተኛሁ። አሁን ድብቁ መስመር የሚሠራው ያ ገጽ ተከፍቶ ስትስማማ ነው፤ ገጹን ደግሞ ቁልፉ አላስገባ ብሏል።

ዘጠኝ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ነበር።

«እማ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ላንሳው።»

እጇን ያዝኩ። በአንድ ደቂቃ ነው ሌባ የሚገባው አልኳት። ሰዎቹ ይጠብቁሻል፤ ሌላ መላ አይጠፋም፤ የአባትሽ መቃብር ሥር ቆመሽ ቃልሽን አትብዪ አልኩ። ይህን ሁሉ አልኩ። ልጄ አየችኝ። እጇን መንጠቅ ትችል ነበር፤ አልነጠቀችም። ስልኳን ይዛ ወጣችና ሲግናል ፍለጋ በደረጃው ላይ ትወጣ ትወርድ ጀመር። አንዴ ተገናኝታ «ይሰማል?» ስትል በመስኮቱ አየኋት፤ ከዚያ ተቋረጠ መሰለኝ፣ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየችው።

ሊያኦ አጠገቤ ተቀመጡ። ልጅዎ ምን እየሠራች ነው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ታዲያ ሌባው ከዚህ በላይ ምኗን ሊወስድ ነው አሉኝ።

ወጥቼ ክፈቺው አልኳት። ተመልሳ ቁልፉን አነሳች። ገጹ ወዲያው መጣ፤ የከተማው አርማ፣ ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ አረንጓዴ አራት ማዕዘን። እስማማለሁ የሚለውን ተጫነች። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ስድስት ነበር።

ላፕቶፑ ላይ የተከፈተው የቃለ መጠይቁ ክፍል ባዶ ነበር። ቆይቶ አንዲት ሴት ብቅ ብላ በጣም በትሕትና ተናገረች። ከእርስዎ ቀጥሎ የሚገባ ሰው ስለነበረ ሦስቱም ወደ እሱ አልፈዋል፤ እንጽፍልዎታለን አለች። ቹንፌይ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀች። የእናቴ ጉዳይ ነው አላለችም።

የጻፉት በሳምንቱ ነው፤ ሌላ ሰው ወስደዋል። ቹንፌይ ታይፔ ቀረች። እሁድ እሁድ ትደውላለች። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ሥራ አልለቀቃትምና ብቻዬን ወጣሁ። ሳንቲሞቹን አንድ ጊዜ ወረወርኩ። ሁለቱም በጀርባቸው አረፉ፤ ገና ነው። ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ ሳህኖቹን አነሳሁ። በጊዜ አዳራሹ ደረስኩ፤ የሚጠብቀኝ ግን ማንም አልነበረም። በስልኬ ዋይፋዩ ውስጥ ገባሁ፤ አረንጓዴውን ተጫንኩ፤ የመቃብሩን ፎቶ ላኩላት።

«እማ፣ ከየት ሆነሽ ነው የላክሽው?» ብላ ጻፈች።

«ከአዳራሹ። በሕዝቡ መስመር።»

ኋላ «አልፈራሽም?» አለችኝ።

ፈርቻለሁ ብዬ ጻፍኩላት። እውነቱም ያው ነበር። አውቶቡሱ እስኪመጣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ።