የአዝራር ቀዳዳ ያለበት ፋሻ

«ጠጪው እንጂ አሱንታ። መረቁ እንደሆነ መጥፎ ነው፤ ባሌ ግን ዕድሜውን ሙሉ ጠጥቶት አልሞተም» አለች ጎረቤቷ ኑንዚያታ፣ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች።

የአሱንታ እናት ኮንቼታ ትናንት ተቀብራለች። በሐዘን ቤት እሳት ስለማይነድ ጎረቤት በተራ ያበላል። አሱንታ ማንኪያውን ያዘች እንጂ አልቀመሰችም። ከንቲባው ዶን ኢፖሊቶ ባርኔጣውን አቅፎ ሲገባ አይታለች።

«ነፍስ ይማር። ስለዚያ ነገር አሰብሽበት?»

«ስለየትኛው?»

«እናትሽ ስላቆየችው ፋሻ ነዋ። የጄኔራሉ ደም ሣጥን ውስጥ ይበስብስ? ማዘጋጃ ቤት መስታወት ውስጥ እናኖረዋለን። የእናትሽንም ስም ከሥሩ እናስቀርጻለን።»

ለቅሶ የመጡት ሴቶች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመንደሩ የዚያ ፋሻ ቁራጭ የሌለበት ቤት አልነበረም። አንዷ ልጇ ክንድ ላይ አስራው ወባ ለቆታል ትላለች።

«የኔን ባል ግን አልፈወሰውም» አለች ኑንዚያታ በሹክሹክታ፤ «ስካር ላይ አይሠራም መሰለኝ።»

ጄኔራሉ በቆሰለበት በዚያ ነሐሴ አሱንታ ልጅ ነበረች። ጣልያንን አንድ አገር አደርጋለሁ ብሎ የተነሣው ጄኔራል ተራራው ላይ ቁርጭምጭሚቱን ተመትቶ በቃሬዛ እነሱ ቤት ገባ። ከየከተማው ሐኪም ጎረፈ። እያንዳንዱ ባልታጠበ ጣቱ ቁስሉን እየጎረጎረ ጥይት ፈለገ። አንዱ አለ ሲል ሌላው የለም አለ፤ ተሰዳደቡ፤ የወይን ጠጅ አስመጡ። ጄኔራሉን ተከትሎ የዘመተው ወንድሟ ሳቬሪዮ ደግሞ ከታች ጋጣው ውስጥ ጭኑን ተመትቶ ይደማ ነበር። እናቷ የአንዱን ሐኪም ካፖርት ያዘች።

«ቆዪ እናት፤ አገር ነው የቆሰለው» አላት።

አገር። ደረጃ የሚወርድ አንድ ሐኪም ያላገኘ አገር።

ሳቬሪዮ ሲነጋ ሞተ። ደጁ ላይ ግን ሕዝብ ተንበርክኮ የጄኔራሉን ደም የነካ ጨርቅ ለመሳም ይለምን ነበር። ኮንቼታ የልጇን ፋሻዎች ከጋጣው አምጥታ እየቀደደች አደለች። አሱንታ ቀሚሷን ጎተተቻት።

«እማ፣ ይሄ እኮ የሱ አይደለም።»

«ዝም በይ። ለሱ የሚያለቅስ አገር ሙሉ አለ። የኔን ልጅ ማን ይስምልኝ?»

አሱንታ አሁን እውነቱን ብትናገር እናቷ መቃብሯ ሳይደርቅ አታላይ ትባላለች። ዝም ብትል የወንድሟ ደም በሌላ ሰው ስም ይከበራል። ሣጥኑን ከፈተች። የቀረው ቁራጭ ከሳቬሪዮ ሸሚዝ የተቀደደ ነው፤ ደሙ ቡናማ ሆኗል፤ ዳሩ ላይ የአዝራር ቀዳዳ አለ።

ዶን ኢፖሊቶ ጎንበስ ብሎ አየ። «ፋሻ ላይ የአዝራር ቀዳዳ?»

ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ፋሻ አልቆ ነበር» አለች አሱንታ። «በሸሚዝ ነው የታሰረው።»

ይህ እውነት ነበር።

«እንግዲያ ስጪኝ።»

«መስታወት ውስጥ ግን አይግባ።»

«አቧራ ይበላዋል እኮ።»

«ይብላው። ሰው የማይስመው ከሆነ አልሰጥም።»

ከንቲባው ሴቶቹን አየ። ማንም አላገዘውም። «ይሁን» ብሎ እጁን ዘረጋ።

አሱንታ ወዲያው አልሰጠችውም። ሳቬሪዮ ወደ ተራራው በወጣበት ጠዋት አግዳሚ ወንበር ላይ ቆማ ሸሚዙን የቆለፈችለት እሷ ነበረች። አውራ ጣቷ ቀዳዳውን አገኘው። ሌላኛው ጣቷ አዝራሩን ፍለጋ ባዶው ጨርቅ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።