የዛውር ጋን

ወንድሜ ዛውር ልጁን ናትያን ወይን ጠጅ ለማያውቅ ወንድ አልሰጥም ብሎ ምሏል። የልጅቷ ልብ ደግሞ ያረፈው የዋሻ መንገድ ሊቆፍር ከሆላንድ በመጣ፣ ያስፐር በሚባል ቢራ ጠጪ ቀጫጫ ላይ ነው። ዛውር ወይን አቅምሶ ሊፈትነው ለእሁድ ስለቀጠረው፣ ሐሙስ ዕለት ናትያ ያስፐርን እየጎተተች ግቢዬ ድረስ አመጣችው።

«አክስቴ፣ እስከ እሁድ ሰው አድርጊልኝ» አለችኝ።

መሬት ውስጥ ከተቀበረው የወይን ጋኔ ቀዳሁለት። ሊጨልጠው ሲል እጁን መታ አደረግሁት።

«ቢራ መሰለህ እንዴ? መጀመሪያ ቀለሙን እይ፤ ከነልጣጩ ስለተጠመቀ ነው ሻይ የመሰለው። ቀጥለህ አሽትት። ከዚያ ትንሽ ፉት በልና ምላስህ ላይ አንከባለው። የወይኑ ዘር ርካጺቴሊ ይባላል።»

«ራካሲቴሊ።»

«ሲ አይደለም፣ ጺ። ጥርስህን ግጠምና ተኩሰው።»

ሲተኩስ ምራቁ ጉንጬ ላይ አረፈ። ቅዳሜ ግን ርካጺቴሊም፣ ሌሎቹን የወይን ዘሮች ሳፔራቪም፣ ምጽቫኔም ሳይደናቀፍ ይል ነበር፤ ኮራሁበት።

እሁድ ዛውር ጎረቤቱን ሰብስቦ «አሁን ከጋኔ የወጣ» እያለ ቀዳ። ያስፐር አየ፣ አሸተተ፣ ፉት አለ። ከዚያ ቅንድቡን ሰቅሎ ወደ እኔ ዞረ።

ወይኑ የእኔ ነበር። ዛውር ሆዱ ከገፋ ወዲህ በጋኑ አፍ ገብቶ ማጠብ አልቻለም፤ እጠቡልኝ ብሎ ሰው መለመን ደግሞ ሞቱ ነው። ባልታጠበ ጋን የጠመቀው ኮምጣጤ ሆኖበት፣ ዓርብ ዕለት በጓሮ መጥቶ ከእኔ ቀድቷል። እንዳልናገር አስምሎኝ ስለነበር ለያስፐር አልነገርኩትም። እውነቱን ለመናገር፣ የሚሆነውን ለማየትም ጓጉቼ ነበር። የናትያን ፊት ሳይ ግን ጸጸተኝ።

«እሺ፣ ምንድን ነው?» አለ ዛውር።

«ርካጺቴሊ።»

አንድ ጎረቤት ሊያሾፍበት ፈልጎ «የማን እጅ እንደሆነስ ለይተሃል?» አለው።

ከጠረጴዛው ሥር የያስፐርን እግር ረገጥኩ።

«ለይቻለሁ» አለ ያስፐር። «የዚህ ቤተሰብ እጅ ነው።»

ዛውር መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ። ተነሥቶ ያስፐር ጀርባ ቆመና ትከሻውን ከዳር እስከ ዳር በስንዝር ለካው።

«ናትያ፣ ይሄ ልጅ በጋኑ አፍ ይገባል» አለ። «ሠርጉ ከወይን ለቀማው በፊት ይሁን።»