ስም የሌላቸው ረድፎች

መሥሪያ ቤቱ ጠፉ የተባሉ ሰዎችን ከየሆስፒታሉና ከየመጠለያው ከሚመጣ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። መዝገቡ አንድ ኮምፒውተር የሚችለው አልነበረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ፕሮግራመሯ ሥራውን ለብዙ ኮምፒውተሮች የሚያከፋፍል ኮድ ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈች። ድልድሉ በስም ነው፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተገናኝተው ይተያያሉ። ከጠፉት አንዱ የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። የግራ ጆሯቸውን ጫፍ በልጅነታቸው ውሻ ወስዶታል፤ እሳቸው ደግሞ ከቤት እንደወጡ ቀርተዋል። ስለዚህ ኮዱን የጻፈችው ለደመወዟ ብቻ አልነበረም።

ኮዱ ሲነሳ ኮምፒውተሮቹ ድርሻቸውን ቶሎ ጨርሰው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አንዱ ብቻ ሲያቃስት አረፈደ። ብታየው፣ ስም የሌላቸው የመዝገቡ ረድፎች በሙሉ እሱ ላይ ተከምረዋል። ለኮምፒውተር ባዶም ስም ነው።

"ዝለያቸዋ" አለ አለቃዋ ሻዩን እያማሰለ። "ስም የሌለውን ሰው ከማን ጋር ልታመሳክሪው ነው? ሪፖርቱ ለከሰዓት ይፈለጋል።"

እውነቱን መሰላት። ስም የሌለውን ረድፍ ዝለል የምትል አንዲት መስመር ጨመረች። በሙያው ቋንቋ ይህ ማጽዳት ይባላል። ሥራው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ አለቀ፤ አለቃዋ ተደሰተ። አጎቷ ግን የሉም።

ለእናቷ ደወለች።

"እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አይቷል። የሉም።"

"በምኑ ነው የፈለገው?"

"በስማቸው ነዋ።"

"ምነው ልጄ! ሊጠፋ ሰሞን ስምህ ማነው ብለው ሳቀብኝ እኮ። የገዛ ስሙ የጠፋበት ሰው ማን ብሎ ይመዝገብ? ረስተሽው ነው?"

አልረሳችውም። ኮዱን ስትጽፍ ግን አላስታወሰችውም።

ስልኩን ስትዘጋ አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ፈራች። ያቺን መስመር አጠፋቻት። ስም የለሾቹን በተገኙበት ሠፈር ከፋፍላ ለኮምፒውተሮቹ አደለቻቸው፤ የሚመሳከሩትም በሰውነታቸው ምልክት ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እሷ ያፈሰሰችውን ስትለቅም ሪፖርቱ ዘገየ። አለቃዋ ተቆጣ። አልሰማችውም፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ረድፍ ወጥቶ ነበር፦ "አዛውንት፤ የግራ ጆሯቸው ጫፍ የለም፤ ስማቸውን ሲጠየቁ ይስቃሉ።"

ሆስፒታል ስትደርስ አጎቷ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ክሩን ሳያስሩ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። አዩዋት፤ አላወቋትም። ነርሷ ካርዱን አወጣች።

"እስቲ ስማቸውን ንገሪኝ። ከመጡ ጀምሮ ባዶ ነው።"

እስከ ቅድመ አያታቸው ቆጠረችላት። አጎቷ በጥሞና አዳመጡ።

"የጨዋ ልጅ ይመስላል" አሉ። "ካገኛችሁት ለእኔም ንገሩኝ።"

"እሺ ጋሼ" አለች፣ ጎንበስ ብላ ጫማቸውን እያሰረችላቸው።