በግሊሰሪን ውስጥ የጠፋው መስታወት

«ከእነዚህ ከሁለቱ ብርሃን የሚዘገየው በየትኛው ውስጥ ነው?»

የመነጽር ቤቱ ባለቤት ሁለት ክብ መስታወቶች ፊቴ አስቀምጦ ጠየቀኝ። በችኮላው የተነሳ ጋሼ ቶሎ እንለዋለን። እኔ መስታወት ገጣሚው ነኝ፤ ቁጥር ገና አጥርቼ አልለይም። ቧንቧው ፈንድቶ ካርቶኖቹን አበስብሷቸዋል፤ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያዘገዩ የሚናገረው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተልጦ ሄዷል። አንዱ ተራ መስታወት ነው፤ ሌላው መነጽር እንዳይወፍር የሚመረጠው ዓይነት። እጅ ላይ ሲያዙ አይለዩም። ከተሳሳትን መነጽሩ አጥርቶ አያሳይም፤ የሚያደርገው ደግሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀን የአውቶቡስ ሹፌር ነው።

«እስካሁን መስታወት በሚሞርደው ማሽን ላይ ቁጥሩን የማስገባልሽ እኔ ነኝ» አለ ጋሼ ቶሎ። «ሰለቸኝ። ማሽኑን ለልጅሽ ብሰጣት ይሻላል። ለሁለት የሚሆን ሥራ የለኝም።»

ልጄ በእረፍቷ ልታግዘኝ ነው የመጣችው፤ ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። እዚህ ከገባች በዚያው ቀረች ማለት ነው። መልሱን እንደምታውቅ ከዓይኗ ገባኝ። ዝም በይ ልላት አሰብኩ። ግን ሹፌሩ ነገ ሰው ጭኖ መንገድ ይወጣል።

«እማዬ፣ እጅሽን የምትቀቢውን ግሊሰሪን ስጪኝ» አለች።

ብርጭቆ ውስጥ ገለበጠችው። የመጀመሪያውን መስታወት ስትነክረው ጠርዙ ከዓይናችን ጠፋ። ሁለተኛው ቁልጭ ብሎ ታየ።

«ብርሃን በግሊሰሪኑና በተራው መስታወት ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት ይቀራረባል» አለች። «ስለዚህ ሲሻገር ብዙም አይታጠፍም፤ ጠርዙም አይለይም። ይኼኛው ግን ይበልጥ ያዘገየዋል፤ ያጥፈዋልም። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርሃኑ ይዘገያል።»

«እንደ እናንተ ቤት ነዋ» አለ ሹፌሩ። «የገባ ሁሉ ይዘገያል።»

ጋሼ ቶሎ አልሳቀም። «ለእሱ የሚሆነው ይኼ ነው፤ ቁጥሩ አንድ ነጥብ ስድስት ነው። በይ አስገቢ» አላት።

ልጄ እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። «እማዬ ታስገባው።»

«እሷ ምኑን ታውቀዋለች?»

«ማታ ማታ እየተማረች አይደል እንዴ ጋሼ። ቁጥር ላይ ደርሳለች።»

ማሽኑ ፊት ቆምኩ። ስድስትና ዘጠኝ ደብተሬ ላይ ይገለባበጡብኛል። ልጄን አየኋት፤ አላገዘችኝም፤ መሬት መሬት ታያለች። አንድ። ነጥብ። ጣቴ አየር ላይ ቀረ። ሆዱ ወደ ታች የሆነውን ፈልጌ ተጫንኩ።

ማሽኑ ሞርዶ ጨረሰ። ጋሼ ቶሎ መስታወቱን መለኪያው ላይ አስቀመጠው፤ አላመነም መሰለኝ፣ ደግሞ ለካው።

«ግጠሚለት» አለኝ። «ነገም እንዳታረፍጂ።»

ትምህርት ሲከፈት ልጄ ሄደች። እኔ ማሽኑ ጋ ቀረሁ።